ቀዝቃዛውን ትራፕ መጀመሪያ እዩት

ስቲም ትራፕ በእንፋሎት ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ ውሃውን አስወጥቶ እንፋሎቱን የሚያስቀር ዕቃ ነው። እንፋሎት የሚያፈሰውን ማንም ያየዋል። ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል፣ አለቃውም ሲያልፍ ቆም ብሎ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። በዚያው ቀን ሰው ይላክበታል። ቀዝቃዛውን ትራፕ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አያንጠባጥብም፣ አይጮኽም፣ ሥሩ ያለው ወለል ደረቅ ነው። እኔ ግን ስቲም ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የምፈራው እሱን ነው።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ፋብሪካው ለጥገና ቆሞ ሰንብቶ ቦይለሩ ተነሥቷል፣ ግፊቱ 7 ባር ደርሷል፣ ምርት ክፍሉ ደግሞ «ስቲሙ የታለ?» እያለ በላይ በላዩ ይደውላል። ዋናውን ቫልቭ የከፈተው ልጅ ቀስ ብሎ ነው የከፈተው፤ ግን ቧንቧው እስኪሞቅ በቂ ጊዜ አልሰጠውም፣ እኛም ቆይ አላልነውም። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ ሰው ቧንቧውን በመዶሻ የሚነካካው የሚመስል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ፈጠን አለ። ከዚያ አንድ ከባድ ምት ተሰማና ቧንቧው ከተቀመጠበት ድጋፍ ላይ ሲዘል በዓይኔ አየሁት። ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ሥር ያለው ፍላንጅ፣ ሁለት ቧንቧ በብሎን የሚገናኙበት ቦታ፣ መሐሉ ያለውን ማሸጊያ ጋስኬት ተፋው፣ እንፋሎትና የፈላ ውሃ ተደባልቆ ግድግዳውን መታ። እዚያ ቦታ ላይ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት በዚያው ሥር አልፌ ነበር።

ሲነጋ ሄደን አየነው። ወደ ላይ የሚወጣው መስመር እግር ላይ ትራፕ አለ፤ ከትራፑ በፊት ያለው ቫልቭ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ እጀታው ዝጓል። ከወራት በፊት ትራፑ እንፋሎት ማፍሰስ ሲጀምር አንድ ሰው «መለዋወጫ እስኪመጣ» ብሎ ዘግቶታል። ማን እንደዘጋው አልተጻፈም። የትም ቦታ ምልክት አልተደረገም። ማፍሰሱ ስለቆመ ነገሩ የተስተካከለ መሰለ፣ ተረሳ። በቆምንበት ጊዜ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ እዚያ እግር ሥር ተኝቶ ይጠብቀን ነበር።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ሌሊት ይነሣል።

የትራፕ ሥራ ምንድን ነው? ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ወጥመድ ስለሆነ ውሃ የሚይዝ የሚመስላቸው አሉ። የሚይዘው እንፋሎቱን ነው፤ ውሃውንና አየሩን ይለቃል። ሦስት ነገር ነው የሚጠበቅበት፦ ኮንደንሴት፣ ማለትም እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የሆነው ውሃ፣ ሲመጣ ማስወጣት፣ አየር ሲመጣ ማስወጣት፣ እንፋሎት ሲደርስ መዝጋት። በቀን ሺህ ጊዜ ይህንኑ ይደጋግማል፣ ያለ መብራት፣ ያለ ኦፕሬተር።

እንፋሎት የምንወደው ለምን እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ውሃ ከ0 ዲግሪ ተነሥቶ 100 ዲግሪ እስኪደርስ 419 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ያንኑ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ እንዳለ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2257 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ማሽኑ ጋ ደርሶ ወደ ውሃ ሲመለስ የሚያስረክበን ይህንን ትልቁን ሙቀት ነው። ካስረከበ በኋላ ሥራው አልቋል፣ ቶሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ የማሞቂያውን ገጽ ይሸፍነዋል፣ አዲሱ እንፋሎት ብረቱን አያገኘውም፣ ማሽኑ ይሰንፋል። ያኔ ምርት ክፍሉ «ግፊት ጨምሩ» ይላል። ግፊት ይጨመራል፤ ውሃው ግን እዚያው ነው።

አየርም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም የሚረሳው እሱ ነው። የግፊት መለኪያው ጌጅ 2 ባር ሲያሳይ፣ ማለትም የውጭው አየር ግፊት ተጨምሮበት 3 ባር አብሶሉት ሲሆን፣ ንጹሕ እንፋሎት 133 ዲግሪ ገደማ ነው። ከውስጡ ሩቡ አየር ከሆነ ግን የእንፋሎቱ ድርሻ 2.25 ባር ብቻ ይሆንና ሙቀቱ ወደ 124 ዲግሪ ይወርዳል። ጌጁ ያው ነው። ማሽኑ ግን ለምን አልሞቅ እንዳለ ሰው ግራ ይጋባል።

አሁን ወደዚያ ምት ልመለስ። በስቲም ዋና መስመር ውስጥ እንፋሎቱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ25 እስከ 40 ሜትር ይሮጣል። 30 ሜትር በሰከንድ ማለት በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ነው፣ አውራ ጎዳና ላይ የሚበር መኪና ማለት ነው። ቧንቧው ሥር የተኛው ውሃ ትንሽ ሲሆን እንፋሎቱ ከላይ ከላይ ያልፋል። ሲበዛ ማዕበል ይሠራል፣ ማዕበሉ የቧንቧውን ጣሪያ ሲነካ መንገዱ ይዘጋል፣ እንፋሎቱም ያንን ውሃ እንደ ጥይት ከኋላው ይገፋዋል። ውሃ አይጨመቅም። ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ) ወይም ቫልቭ ሲያገኝ ጉልበቱን በሙሉ እዚያ ላይ ያራግፋል። ሌላም ዓይነት አለ፦ በቀዝቃዛ ውሃ የተከበበ እንፋሎት በቅጽበት ወደ ውሃ ሲለወጥ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ውሃው ከየአቅጣጫው ባዶውን ሊሞላ ይወረወራል። የኛ ሌሊት ሁለቱም የነበሩበት ይመስለኛል። እና ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ በእጅ የሚያዝ አንድ ትንሽ ብረት ነበር፣ የተዘጋበት።

አሁን ስለ ዓይነቶቹ። ብዙ ዓይነት አለ፣ ግን በየቀኑ የምናገኛቸው አራት ናቸው።

ዲስክ ያለው ቴርሞዳይናሚክ ትራፕ ትንሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገሩ አንዲት ክብ ብረት ብቻ ናት። ውሃ ሲመጣ ዲስኳን አንሥቶ ይወጣል። ወደ እንፋሎት የቀረበ ትኩስ ውሃ ሲመጣ ከሥሯ በፍጥነት ያልፋል፣ ከሥር ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ከላይ የገባው እንፋሎት ወደ ታች ይጫናታል፣ ጠቅ ብላ ትዘጋለች። ከላይ ያለው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ እንደገና ትከፍታለች። ለዋና መስመር ማድረቂያ የምመርጠው እሱን ነው። የማይወደው ነገር በመውጫው በኩል የሚመጣ ተቃራኒ ግፊት ነው፤ በአብዛኛው ከመግቢያው ግፊት 80 በመቶ ካለፈበት በትክክል አይዘጋም።

ፍሎት ያለው ውስጡ ተንሳፋፊ ኳስ አለው። ውሃው ሲጨምር ኳሱ ይነሣል፣ ቫልቩ ይከፈታል። ውሃ በመጣበት መጠን ሳያቋርጥ ያስወጣል፣ ከላይ ደግሞ አየር የሚያስወጣ ትንሽ ቴርሞስታት አለው። ሂት ኤክስቼንጀር፣ ማለትም የእንፋሎቱን ሙቀት ለምርቱ የሚያስተላልፍ ዕቃ፣ ላይ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ግን የውሃ ምት ኳሱን ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀ ኳስ አይንሳፈፍም፣ ስለዚህ ትራፑ ተዘግቶ ይቀራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ምቱ ትራፑን ይገድለዋል፣ የሞተው ትራፕ ደግሞ ሌላ ምት ይወልዳል።

ግልብጥ ባልዲ ያለውን አንጋፋዎቹ ይወዱታል፣ ምት ይችላል። ባልዲዋ ተገልብጣ ውሃ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እንፋሎት ሲገባባት ትንሳፈፍና ቫልቩን ትዘጋለች፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ትሰጥምና ትከፍታለች። ለዚህ ግን ውስጧ ሁልጊዜ ውሃ መኖር አለበት። ውሃውን ካጣች የምትንሳፈፍበት የላትም፣ ክፍት ሆና እንፋሎቱን ዝም ብላ ትለቃለች። አየር የምታስወጣው ጫፏ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነ በዚያ በኩል ቀርፋፋ ናት።

አራተኛው ቴርሞስታቲክ ነው፣ በሙቀት ልዩነት የሚሠራ። አየር ለማስወጣት ግሩም ነው። ውሃው ከእንፋሎቱ ሙቀት ትንሽ ዝቅ እስኪል ግን ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ውሃው ወደ ኋላ ይጠራቀማል። በትንንሽ ማሞቂያዎችና በትሬሲንግ መስመር (ሌላ ቧንቧ እንዳይቀዘቅዝ አብራው በምትሄድ ቀጭን የእንፋሎት ቧንቧ) ላይ ምንም አይደለም፤ ውሃ ባፋጣኝ መውጣት ባለበት የዋና መስመር እግር ላይ ግን አላስገባውም። እና እባካችሁ ሰውነቱን ሙቀት በሚይዝ ኢንሱሌሽን አትጠቅልሉት። ካልቀዘቀዘ አይከፍትም።

ወደ ገጠማው ስንመጣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም «ትራፑ ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ትራፑ ሳይሆን የተገጠመበት መንገድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ኪሱ፣ ውሃው ወደ ትራፑ ከመሄዱ በፊት የሚወርድበት ከቧንቧው ሥር የተንጠለጠለ ቁራጭ ቧንቧ። 100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ሆድ ሥር 15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስተው ትራፕ የሚበይዱበት ሰዎች አሉ። ሥዕል ላይ ያምራል። ውሃው ግን በዚያ ፍጥነት እየሮጠ ትንሿን ቀዳዳ ዘሎ ያልፋታል፣ ገብቶ የሚወርደው ጥቂቱ ነው። እስከ 100 ሚሊ ሜትር ድረስ ላለ ቧንቧ ኪሱ የቧንቧውን ያህል ሰፊ መሆን አለበት፣ ማለትም ሙሉ ቲ ተደርጎ ወደ ታች የሚንጠለጠል። የትራፑ መስመር የሚወጣው ከኪሱ ጎን ነው እንጂ ከታችኛው ጫፍ አይደለም። ጫፉ ላይ ዝገትና አሸዋ ይቀመጣል፣ እሱን የምናወርድበት የራሱ ቫልቭ ይኖረዋል።

እነዚህ ኪሶች በየ30 እስከ 50 ሜትሩ ያስፈልጋሉ። በተጨማሪ ቧንቧው ወደ ላይ ከሚወጣበት በፊት፣ ከኮንትሮል ቫልቭ (በራሱ እየተከፈተና እየጠበበ እንፋሎቱን ከሚመጥን ቫልቭ) በፊት፣ መስመሩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ። ቧንቧው እንፋሎቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፣ አለበለዚያ ውሃው ወደ ትራፑ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ቧንቧ የሚቀንሱበት ቦታ ላይ ደግሞ ሬዲውሰሩ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነው ይሁን። እኩል ከሁሉም ጎን የሚጠበውን ካደረጉ ከፊቱ የዘላለም ኩሬ ተሠራ ማለት ነው። ድጋፍ ተሰብሮ ቧንቧው የጎበጠበት ቦታም ያው ነው፣ ትራፕ የሌለበት ኩሬ።

ከዚያ ስትሬነሩ፣ ቆሻሻ የሚይዘው ወንፊት። ከትራፑ በፊት መኖር አለበት፣ ምክንያቱም የትራፕ ቀዳዳ ትንሽ ናት፣ የብየዳ ፍርፋሪ ይበቃታል። አዲስ መስመር ሲሠራ ትራፑን ከመግጠማችሁ በፊት መስመሩን በስቲም አጽዱት። ይህን ሳያደርጉ ገጥመው፣ በሳምንቱ «ዕቃው የማይረባ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈትተን ስናየው መቀመጫው ላይ የብየዳ ጠብታ ተጣብቆ ነበር፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል። ትራፑ ምንም አላጠፋም።

ትራፑ ላይ ቀስት አለ። አቅጣጫውን እዩት። ፍሎትና ባልዲ ያላቸው ደግሞ እንደፈለጉ አይገጠሙም፤ ኳሱ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አለበት፣ ባልዲዋም ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ዲስክ ያለው በየትኛውም አቅጣጫ ይሠራል፣ ግን ጋደም ሲል ዕድሜው ይረዝማል። ትራፑን ከማሽኑ አታርቁት። መሐል ያለው ቧንቧ ረጅም ከሆነ እንፋሎት እዚያ ውስጥ ይታገታል፣ ትራፑ «እንፋሎት ደርሷል» ብሎ እንደዘጋ ይቆያል፣ ውሃው ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል።

አንድ ማሽን አንድ ትራፕ። ይህን ስናገር ቁጠባ የሚመስላቸው ሰዎች ይከራከሩኛል። ሦስት ማሞቂያ በአንድ ትራፕ ሲያያዝ ከሦስቱ ግፊቱ ከፍ ያለው የሌሎቹን መንገድ ይይዝባቸዋል። እነሱ ውሃ ይሞላሉ፣ እሱ ይሠራል። አንድ ትራፕ ተቆጥቦ ሁለት ማሽን ይጠፋል።

መጠን ሲመረጥም በቧንቧው ስፋት አይደለም። ስንት ኪሎ ውሃ በሰዓት ይወጣል፣ በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ስንት ነው፣ ጥያቄው ይሄ ነው። ሲነሣ ብረቱ ሁሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚመጣው ውሃ በአዘቦቱ ከሚመጣው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት እጥፍ መጠባበቂያ ይያዛል። ግን በዚህ በኩልም ገደል አለ። ወጣት ሳለሁ አዲስ ፍሎት ትራፕ ከካርቶኑ አውጥቼ ገጠምኩ፣ ስቲሙን ከፈትኩ፣ ትራፑ ቀዝቅዞ ቀረ። ቫልቮቹን አየሁ፣ ክፍት ናቸው። ስትሬነሩን አየሁ፣ ንጹሕ ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን መጣና ከሰውነቱ ላይ ያለውን ታርጋ በጨርቅ ጠረገው።

«ስንት ባር ይላል?» አለኝ።

«4.5 ነው ጋሼ።»

«መስመሩስ?»

«7።»

«ታዲያ ኳሱ በምን ጉልበቱ ይክፈተው?»

ነገሩ ይህ ነው። ግፊቱ ቫልቩን ከቀዳዳው ጋር ያጣብቀዋል፤ የሚያጣብቀው ኃይል የግፊቱና የቀዳዳው ስፋት ብዜት ነው። የ4.5 ባሩ ትራፕ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ብዙ ውሃ ያስወጣል፣ ለዚህም ነው ካታሎጉ ላይ ትልቅ መስሎ የሚታየው። 7 ባር ላይ ግን ኳሱ ያንን ለማላቀቅ አቅም የለውም። ተዘግቶ ይኖራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታርጋውን ሳላነብ ትራፕ አልገጥምም፤ ታርጋው በቀለም ተሸፍኖ ካገኘሁም ፍቄ አነባለሁ።

ከትራፑ በኋላ ያለውን መስመር ብዙ ሰው የውሃ ቧንቧ ያደርገዋል። አይደለም። 7 ባር ላይ ያለ ኮንደንሴት በኪሎ 720 ኪሎ ጁል ያህል ተሸክሟል፣ ወደ ክፍት አየር ሲወጣ ግን መያዝ የሚችለው 419 ብቻ ነው። ትርፉ ከውሃው 13 በመቶ ገደማውን እንደገና ያፈላዋል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ውሃ 130 ግራም ያህሉ ፍላሽ ስቲም ይሆንና ከ200 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ቀሪው ውሃ አንድ ሊትር አይሞላም። ቧንቧውን ለአንዱ ሊትር ብቻ ብለው ካጠበቡት ተቃራኒ ግፊት ይፈጠራል፣ ትራፖቹ ሁሉ ይታፈናሉ። ውሃው ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ያህል ይበላል፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቼክ ቫልቭም ያስፈልጋል።

ይህ በተለይ የሚያሠቃየው ሙቀቱ በኮንትሮል ቫልቭ የሚስተካከል ሂት ኤክስቼንጀር ላይ ነው። ምርቱ ሲሞቅ ቫልቩ ይጠባል፣ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከውጭው አየር በታች ይሆናል። ያኔ ውሃውን ወደ ትራፑ የሚገፋው ነገር የለም። ትራፑ ደህና ነው፣ አዲስም ቢሆን ያው ነው፣ ሦስቴ ቢቀየርም ያው ነው። ውሃው ኤክስቼንጀሩ ውስጥ ይተኛል፣ ቱቦዎቹ ይዝጋሉ፣ ከታች ቀዝቃዛ ከላይ ትኩስ ይሆናል፣ ሥራ ቀለል ሲል መንኳኳት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ትራፑን ከመቀየራችሁ በፊት ውሃው ከትራፑ በኋላ ወደ ላይ እየወጣ እንደሆነ ተመልከቱ። ከወጣ ወይ በራሱ ክብደት እንዲወርድ አድርጉት፣ ወይ በግፊት የሚሠራ ፓምፕ አስገቡለት። አየር የሚያስገባ ቫኪዩም ብሬከርም ይረዳል፣ ከትራፑ በኋላ ያለው መስመር ወደ ታች የሚወርድ እስከሆነ ድረስ።

አሁን ትራፕ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን? በጆሮ፣ በዓይን፣ በሙቀት። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ሙቀት ቀዝቃዛውን ይነግረናል። ከቀዘቀዘ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ስትሬነሩ ተደፍኗል፣ ወይ ከሌሊቱ ታሪኬ እንዳያችሁት ቫልቭ ተዘግቶበታል። ትኩስ መሆኑ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከትራፑ በኋላ ያለው ቧንቧ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሆነ «እንፋሎት እያሳለፈ ነው» ይላል። ፍላሽ ስቲም ስላለ ጤነኛውም እንደዚያው ይሞቃል። በሌዘር የሚጠቁመው የሙቀት መለኪያም የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ እኔ መለኪያ ቦታው ላይ ሙቀት የሚችል ጥቁር ደብዛዛ ቀለም ጠብ አድርጌ እዚያው ላይ እለካለሁ።

ጆሮ የበለጠ ያወራል። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ አልትራሶኒክ መሣሪያ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ የመካኒክ ስቴቶስኮፕ፣ እሱም ከሌለ ረጅም ካቻቢቴ። ጫፉን ትራፑ ላይ አሳርፋችሁ እጀታውን ከጆሯችሁ ሥር ካለው አጥንት ጋር ታስጠጋላችሁ። ዲስክ ያለው ደህና ከሆነ ጠቅ ይላል፣ ይለቃል፣ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ ከዚያ ዝም። ቁጠሩ። በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ከሆነ ደህና ነው። ያለ ዕረፍት ትር ትር ትር ካለ ዲስኩ ወይም መቀመጫው ተበልቷል። ባልዲ ያለውም ይከፍታል ይዘጋል፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ባልዲዋ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ትሰማላችሁ። ፍሎት ያለው ሳያቋርጥ ስለሚፈስ ለጆሮ አስቸጋሪ ነው፤ ጎኑ ካለ ጤነኛ ጋር እያነጻጸርኩ ነው የምፈርደው።

ለዓይን ደግሞ ከትራፑ በኋላ የሙከራ ቫልቭ ካለ ክፈቱና እዩ። ፍላሽ ስቲም ከአፉ ጀምሮ ነጭ ነው፣ ሰነፍ ደመና ነው፣ ውሃ አብሮት ይረጫል። የቦይለሩ እንፋሎት ሲሆን ከአፉ አጠገብ ምንም የማይታይበት ጥርት ያለ ክፍተት አለ፣ ነጩ የሚጀምረው ራቅ ብሎ ነው፣ ጩኸቱም ስል ነው። ያ የማይታየው ክፍተት ነው ሥጋ የሚያቃጥለው። እጃችሁን እዚያ አታስገቡ።

ስለሚያፈሰውም ዝም ልል አልችልም። 7 ባር ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ክፍት ከሆነች በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ እንፋሎት ታሳልፋለች። ትራፕ ውስጥ ውሃ አብሮ ስለሚያልፍ እውነተኛው ያንሳል፤ ግማሹን ብንወስድ እንኳ በቀን ወደ 300 ኪሎ ነው፣ ከአንዲት ትራፕ። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ለፋብሪካዎች ባወጣው ምክር ከ3 እስከ 5 ዓመት ትራፕ ባልተፈተሸበት ቦታ ከ15 እስከ 30 በመቶው ተበላሽቶ እንፋሎት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል ይላል፣ በየጊዜው በሚፈተሽበት ቦታ ግን የሚያፈሱት ከ5 በመቶ በታች መሆን እንዳለባቸው። የእኔን ፋብሪካ መጀመሪያ ስንቆጥር ከዚህ የራቀ አላገኘንም። በምክሩ መሠረት ከ10 ባር በላይ የሆኑት በየሳምንቱ እስከ በየወሩ፣ ከ2 እስከ 10 ባር ያሉት በየወሩ እስከ በየሩብ ዓመቱ፣ ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው በዓመት አንዴ ይታያሉ።

መፍታት ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሜ እለምናችኋለሁ። ሁለቱንም በኩል ዝጉ። የመግቢያውን ብቻ ዘግታችሁ ከፈታችሁ ከመመለሻው መስመር የሌሎቹ ትራፖች ፍላሽ ስቲም ወደ እናንተ ይመጣል። ሁለቱን ዝጉ፣ ቁልፍና ምልክት አድርጉባቸው፣ መሐል ያለውን ግፊት በማውረጃው ቫልቭ አውጡ፣ ከዚያ ጠብቁ። በእጅ የሚነካ እስኪሆን ጠብቁ። ብሎኖቹን ስትፈቱ አንዱን ጨርሳችሁ አታውጡ፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ አላልታችሁ ክዳኑን ከፊታችሁ በተቃራኒ በኩል አላቁት። አንድ ባልደረባዬ የስትሬነር መክደኛ ሲፈታ ውስጡ የተረፈው ትኩስ ውሃ ክንዱን አግኝቶታል። ቫልቩ ተዘግቶ ነበር፣ ግን አልያዘም፣ ያሳልፍ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ትራፖቹን ሁሉ ቆጠርን። እያንዳንዱ ቁጥር ያለው የብረት ታርጋ በሽቦ ተንጠለጠለበት። ደብተር ላይ ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ዓይነቱ፣ የታርጋው ግፊት፣ የታየበት ቀን፣ ሁኔታው ይጻፋል። ቫልቭ የዘጋ ሰው ቀይ ካርድ ያንጠለጥላል፣ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ቀይ ካርድ ያለበት ትራፕ ከሽፍት ወደ ሽፍት በቃል ጭምር ይነገራል። ስንነሣ ደግሞ የኪሶቹ ማውረጃ ቫልቮች በሙሉ ክፍት ሆነው ዋናው ቫልቭ በጥቂቱ ብቻ ይከፈታል፣ ውሃው ወጥቶ እስኪያልቅ ሰው ቆሞ ያያል። ምርት ክፍሉ መደወሉን አላቆመም፣ እኛም አሁን እየሞቀ ነው እንላለን።

ወደ ላይ የሚወጣው መስመር እግር ላይ ያለው ትራፕ ቁጥሩ 14 ነው። ባለፈው ዙር ጓንቴን አድርጌ ካቻቢቴውን አሳረፍኩበትና ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ጠቅ፣ ለቀቀ፣ ጠቅ፣ ዝም። በደቂቃ ሰባት ጊዜ። ደብተሩ ላይ ጻፍኩና ወደ 15 አለፍኩ።